አባ ማሪ ዮሴፍ ላግራንዥ፤ ጥያቄን ያልፈሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ

በየቁምስናችን ትምህርተ ክርስቶስ የሚከታተሉ ወጣቶች ዘወትር ከሚያነሡአቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር ቃል ከሆነ ስለ ምን የታሪክ ስሕተትና እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር የተጻፈበት ይመስላል የሚለው ነው። ጥያቄው ከባዶ የመጣ አይደለም። ማቴዎስ ይሁዳ ታንቆ እንደ ሞተ ሲጽፍ (27፥5) የሐዋርያት ሥራ ግን በግንባሩ ተደፍቶ ሆዱ እንደ ተሰነጠቀ ይናገራል (1፥18)። በማርቆስ ወንጌል ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ከበትር በቀር ለመንገድ ምንም እንዳይዙ ያዛል (6፥8)፤ በማቴዎስ ወንጌል ግን በትርም ቢሆን እንዳይዙ ተነግሯቸዋል (10፥10)። ንጉሥ አካዝያስ በነገሠ ጊዜ ዕድሜው 22 ዓመት እንደ ነበረ መጽሐፈ ነገሥት ካልእ ሲመሰክር (8፥26)፣ በዕብራይስጡ የዜና መዋዕል ካልእ ንባብ 42 ዓመት ይላል (22፥2)። እንዲህ ከሆነ ልጁ በ40 ዓመቱ ከሞተው ከአባቱ ከኢዮራም በሁለት ዓመት ሊበልጥ ነው።

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ሁለት መልሶች ፈጥነው ይቀርባሉ። አንደኛው ጠያቂውን እንደ ከሐዲ ቆጥሮ ዝም ማሰኘት ነው፤ ሁለተኛው መጽሐፉን እንደ ተራ የሰው ድርሰት ቆጥሮ መተው ነው። በዚህ ዕትም የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ካህን ሁለቱንም ትተው ሦስተኛ መንገድ የፈለጉ፣ ስለ እርሱም ብዙ የተፈተኑ ናቸው። እኒህም በኢየሩሳሌም የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤትን የመሠረቱት ዶሚኒካዊው አባ ማሪ ዮሴፍ ላግራንዥ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነታቸውና ጥሪያቸው

አልበርት ላግራንዥ ማርች 7 ቀን 1855 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ቡር ካን ብሬስ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የውል አዋዋይ ነበሩ። የሦስት ዓመት ሕፃን ሳሉ እናታቸው ወደ አርስ መንደር ወስደው በዚያ ዘመን በሕይወት በነበረው በቅዱስ ዮሐንስ ማርያ ቪያኒ አስባርከዋቸዋል። ከፍ ካሉ በኋላ በአባታቸው ሙያ አቅጣጫ በፓሪስ ሕግ አጥንተው በ1878 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ነገር ግን ልባቸው ወደ ክህነት አዘንብሎ ስለ ነበር በዚያው ዓመት በኢሲ ወደሚገኘው የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ገቡ። በሚከተለው ዓመት በሳን ማክሲመን የዶሚኒካውያንን ልብሰ ምንኩስና ለብሰው ማሪ ዮሴፍ ተባሉ።

በ1880 የፈረንሳይ መንግሥት በመነኮሳት ማኅበራት ላይ ባወጣው ዐዋጅ ምክንያት ወጣቱ መነኩሴ ከወንድሞቻቸው ጋር አገራቸውን ለቀው ወደ ስፔን ተሰደዱ። በሳላማንካ የቅዱስ ቶማስ ዘአኵኖን ትምህርት በጥልቀት ተማሩ፤ በዲሴምበር 1883 በሳሞራ ከተማ ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። ቅዱስ ቶማስን መማራቸው በኋላ ዘመን ለገጠማቸው ክርክር ስንቅ ሆኗቸዋል፤ እምነትና አእምሮ ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ስለ ሆኑ ሊጣሉ አይችሉም የሚለውን ትምህርት ከእርሱ ወርሰዋልና። ከዚያም በቱሉዝ ጥቂት ጊዜ አስተምረው በ1888 የምሥራቅ አገሮችን ጥንታውያን ቋንቋዎች እንዲያጠኑ ወደ ቪየና ተላኩ።

በቄራ ቤት የተከፈተ ትምህርት ቤት

ገና በቪየና ሳሉ አለቆቻቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ አዘዟቸው። ዶሚኒካውያን ከደማስቆ በር ውጭ ቦታ ገዝተው ነበር። ይህ ቦታ በትውፊት ቅዱስ እስጢፋኖስ በድንጋይ የተወገረበት ነው የሚባል ሲሆን በአምስተኛው መቶ ዓመት ንግሥት ኤውዶክያ በስሙ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርታበት ነበር። አባ ላግራንዥ ማርች 10 ቀን 1890 ከዚያ ደረሱ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 15 ቀን ትምህርት ተጀመረ። የመማሪያው ክፍል ቀድሞ ቄራ የነበረ ቤት ሲሆን የከብቶቹ ማሰሪያ ቀለበቶች ገና በግድግዳው ላይ ነበሩ። ተማሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ፣ የትምህርት መሣሪያውም አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና አንድ ካርታ ነበር።

ሥራው ከሐሳቡ ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ትልቅ ነበር። አባ ላግራንዥ ቅዱሳት መጻሕፍትን በተጻፉበት ምድር፣ በተጻፉበት ቋንቋ፣ ከጥንታውያን ቅሬታ ድንጋዮችና ጽሑፎች አጠገብ ማንበብ ይገባል ብለው ያምኑ ነበር። በ1892 የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መጽሔት መሠረቱ፤ ከ1900 ጀምሮም የትርጓሜ መጻሕፍት ተራ በተራ የሚወጡበትን የሕትመት መርሐ ግብር አስጀመሩ። ካስተማሩአቸው ወጣት ወንድሞች መካከል ቨንሳን በአርኪዮሎጂ፣ አቤል በቅድስት አገር ጂኦግራፊ፣ ዶርም በአሦር ጽሑፎች በዓለም የታወቁ ሊቃውንት ሆኑ።

በሲና በረሃ የተነሣ ጥያቄ

በ1893 አባ ላግራንዥ እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ ያለፉበትን መንገድ ለማየት ወደ ሲና በረሃ ተጓዙ። ይህ ጉዞ ለሕይወታቸው መለወጫ ሆነ። በአንድ በኩል፣ በኦሪት የተጻፈው ነገር የምድሪቱን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ትዝታ እንዳለበት አዩ፤ የበረሃው ጥም፣ የምንጮቹ መራራቅ፣ የተራሮቹ ግርማ ሁሉ ከታሪኩ ጋር ይስማማል። በሌላ በኩል ግን ከባድ ችግር ገጠማቸው። ኦሪት ዘኁልቁ ከሃያ ዓመት በላይ የሆኑ ለጦርነት የሚወጡ ወንዶች ብቻ 603,550 እንደ ነበሩ ይቈጥራል (1፥46)። ሌዋውያን፣ ሴቶችና ሕፃናት ሲጨመሩበት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይሆናል። ይህን ያህል ሕዝብ ከነከብቱ በእነዚያ ጠባብ ሸለቆዎችና ጥቂት ጕድጓዶች አጠገብ እንዴት ሊኖር ቻለ?

ችግሩን እንዳላዩ ሆነው ማለፍ አልፈለጉም፤ ታሪኩንም ሁሉ ተረት ነው ብለው አልጣሉም። ሕዝቡ በእግዚአብሔር ኃይል ከባርነት መውጣቱና በሙሴ መሪነት ቃል ኪዳን መቀበሉ በእውነት የተፈጸመ ነው፤ ሆኖም ይህ ታላቅ ሥራ በጥንታውያን ልማድ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየከበረና እየሰፋ የተተረከ፣ በብዙ እጅም የተጻፈ ነው ወደሚል አሳብ ደረሱ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 18 ቀን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የታወቀውን ሐዋርያዊ መልእክታቸውን አወጡ። መልእክቱ እግዚአብሔር ደራሲ የሆነበት መጽሐፍ ስሕተት ሊኖርበት እንደማይችል በጽኑ አስተማረ። ከዚህም ጋር ቅዱሳን ጸሐፊዎች ስለ ተፈጥሮ ሲናገሩ ሊቃውንት እንደሚመረምሩት ሳይሆን ለዓይን እንደሚታየው እንደ ተናገሩ ገለጠ፤ ቅዱስ አውግስጢኖስም አስቀድሞ እንዲህ አስተምሮ ነበር። ይኸው መመሪያ ወደ ሌሎች የዕውቀት ዘርፎች፣ በተለይም ወደ ታሪክ ቢዛወር እንደሚጠቅም መልእክቱ ጨመረ። ይህ የመጨረሻው አሳብ ምን ያህል እንደሚዘልቅ በሊቃውንት መካከል ረጅም ክርክር አስነሣ።

አባ ላግራንዥ በ1897 በስዊዘርላንድ በፍሪቡርግ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ የካቶሊክ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ አሳባቸውን በግልጥ አቀረቡ። አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት አሁን ባሉበት መልክ በአንድ ሰው እጅ በአንድ ጊዜ የተጻፉ ሳይሆኑ ከልዩ ልዩ ምንጮች የተሰበሰቡ መሆናቸውን፣ ይህም ሙሴ የሕጉ መነሻ መሆኑን እንደማይሽር አስረዱ። ብዙዎች በደስታ ሰሟቸው፤ ብዙዎችም ደነገጡ።

ደራሲው ምን ሊያረጋግጥ ፈለገ?

በኖቬምበር 1902 በቱሉዝ የካቶሊክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ስድስት ንግግሮች አደረጉ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ታሪካዊ ዘዴ በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታተሙ። የትምህርታቸው እምብርት በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድን ጽሑፍ ተሳስቷል ለማለት አስቀድሞ ጸሐፊው ምን ለማረጋገጥ እንደ ፈለገ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህንንም ለማወቅ የጻፈበትን የአጻጻፍ ዓይነት መለየት ግድ ይሆናል። መዝሙር እንደ ሕግ፣ ምሳሌ እንደ ነገሥታት ዜና አይነበብም። ጌታችን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ሲናገር ያ ሰው ወደ ኢያሪኮ የወረደው በየትኛው ዓመት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ታሪኩ ያልተፈጸመ ቢሆን እንኳ ምሳሌው ሐሰት አይሆንም።

ነገሩን በሌላ ምሳሌ እናስረዳው። መጽሐፈ ዮዲት ሲጀምር ናቡከደነፆርን በነነዌ የነገሠ የአሦራውያን ንጉሥ ያደርገዋል። ናቡከደነፆር ግን የባቢሎን ንጉሥ ነበር፤ ነነዌም እርሱ ከመንገሡ አስቀድሞ በ612 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ወድቃ ነበር። ጸሐፊው የነገሥታት ዜና ለመጻፍ አስቦ ከሆነ ተሳስቷል። ነገር ግን የእግዚአብሔርን ሕዝብ ያስጨነቁትን ጠላቶች ሁሉ በአንድ ስም ሰብስቦ፣ በአንዲት መበለት እጅ እግዚአብሔር ትዕቢተኛን እንደሚያዋርድ የሚያስተምር ትረካ ጽፎ ከሆነ አልተሳሳተም። ስሕተቱ ጸሐፊው ባልገባበት ውል የሚከሰው አንባቢ ነው።

ይሁን እንጂ አባ ላግራንዥ ይህን ዘዴ እምነትን ሁሉ ለማሟሟት አልተጠቀሙበትም። ጸሐፊው ነገሩ በእውነት መፈጸሙን ሊመሰክር ከፈለገ ምስክርነቱን መቀበል ይገባል። በዚያ ዘመን ፈረንሳዊው ካህን አልፍሬድ ሉዋዚ በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ የወንጌልን ታሪካዊ መሠረት የሚያናጋ ትምህርት ሲያሰራጭ አባ ላግራንዥ በብርቱ ተቃወሙት። ክርስቶስ በእውነት መሞቱና መነሣቱ የአጻጻፍ ስልት ጉዳይ ሳይሆን የሐዋርያት ምስክርነት መሆኑን አጥብቀው ያዙ።

የፈተና ዓመታት

በሁለት ወገን የሚዋጋ ሰው ከሁለት ወገን ይቈስላል። እምነት የለሾች አባ ላግራንዥን ቀኖና ያሰራቸው ሰው ናቸው ሲሉ፣ ከካቶሊካውያን መካከል ደግሞ የእምነት አጥር የሚያፈርሱ አድርገው የቈጠሯቸው ነበሩ። ኢየሱሳዊው አባ ደላትር በ1904 ትምህርታቸውን የሚነቅፍ መጽሐፍ አወጡ። አባ ላግራንዥ የጳጳሳዊው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሚሽን አማካሪ ሆነው ተሹመው የነበረ ቢሆንም ጥርጣሬው እየበረታ ሄደ። በኦሪት ዘፍጥረት ላይ ያዘጋጁት ትርጓሜ፣ የብዙ ዓመታት ድካማቸው ፍሬ፣ ለሕዝብ እንዲወጣ ሳይፈቀድ ቀረ። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ሐዲስ ኪዳን መልሰው በ1911 የማርቆስ ወንጌልን ትርጓሜ አሳተሙ።

የባለ ሥልጣኖቹን ፍርሃት ለማስተዋል ዘመኑን ማስታወስ ይገባል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 10ኛ በ1907 ሞደርኒዝም የተባለውን ትምህርት አውግዘው ነበር፤ ሉዋዚም በ1908 ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ተለየ። ስንዴውንና እንክርዳዱን በችኰላ ለመለየት በተሞከረበት በዚያ ጊዜ ስንዴም አብሮ ተነቀለ። ጁን 29 ቀን 1912 ከሮም የወጣ ድንጋጌ የአባ ላግራንዥ በርካታ ጽሑፎች ከዘርአ ክህነት ትምህርት ቤቶች እንዲወገዱ አዘዘ። መጻሕፍቱ በመናፍቅነት አልተወገዙም፤ ነገር ግን ሕይወቱን ሁሉ ለካህናት ትምህርት ለሰጠ ሰው ከዚህ የባሰ ኀዘን ማሰብ ይከብዳል።

በዚያች ቀን ብዙ መንገዶች በፊታቸው ነበሩ። ስማቸው በሊቃውንት ዘንድ የገነነ ስለ ነበር ከቤተ ክርስቲያን ቢለዩ የሚያጨበጭብላቸው አያጡም ነበር። እርሳቸው ግን ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሙሉ ታዛዥነታቸውን የሚገልጥ ደብዳቤ ጽፈው በዚያው ዓመት ከኢየሩሳሌም ወጡ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቋቋሙትን ቤት ሲለቁ ይመለሱ አይመለሱ አላወቁም። ታዛዥነታቸው እውነት ነው ብለው ያመኑበትን መካድ አልነበረም፤ እውነት የእግዚአብሔር ከሆነ ጊዜዋን ራሱ እንደሚያመጣ መታመን ነበር። ጲዮስ 10ኛም ታዛዥነታቸውን ተቀብለው በ1913 ወደ ኢየሩሳሌም እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው።

እስከ መጨረሻ የሠራ እጅ

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ፈረንሳዊ በመሆናቸው ከቱርክ ግዛት ተባረሩ፤ በ1918 ጦርነቱ ሲያበቃ ተመለሱ። ሥራቸው ግን አልተቋረጠም። የሮሜን መልእክት በ1916፣ የገላትያን በ1918፣ የሉቃስን ወንጌል በ1921፣ የማቴዎስን በ1923፣ የዮሐንስን በ1925 ተርጕመው አሳተሙ። በ1928 ደግሞ የኢየሱስ ክርስቶስ ወንጌል የተባለውን መጽሐፍ ለምእመናን ሁሉ በሚስማማ አኳኋን ጻፉ። ሦስቱን ወንጌላት አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ሲያነቡ ልዩነታቸውን አልደበቁም፤ የአንዱን ጌታ ድምፅ በልዩ ልዩ ምስክሮች አንደበት የሚሰሙ ሆነው አገኙት እንጂ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀርብ አንድ ነገርም አለ። አባ ላግራንዥ በ1909 ስለ አይሁድ መሲሓዊ ተስፋ ባሳተሙት መጽሐፍ ከመረመሯቸው ጥንታውያን ጽሑፎች አንዱ መጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ ይህም መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግዕዝ ቋንቋችን ብቻ ነው። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ጥንታውያን ብራናዎች ሲገኙ በአረማይክ ቋንቋ የተጻፉ የሄኖክ ቍራጮች ከመካከላቸው ነበሩ። የቁምራንን ፍርስራሽ የቈፈሩት ደግሞ በአባ ላግራንዥ ትምህርት ቤት አለቃ የነበሩት አባ ሮላን ደ ቮ ናቸው። አባቶቻችን በየገዳሙ የገለበጡት ጽሑፍ ለዓለም ሊቃውንት ብርሃን ሆነ።

አባ ላግራንዥ ጤናቸው ስለ ደከመ በ1935 ኢየሩሳሌምን ተሰናብተው መነኩሴ ወደ ሆኑበት ወደ ሳን ማክሲመን ተመለሱ። በዚያም ማርች 10 ቀን 1938 በ83 ዓመታቸው ዐረፉ። ቀኑ ከ48 ዓመት በፊት ኢየሩሳሌም የገቡበት ዕለት ነበር። ዐፅማቸው በ1967 ወደሚወዷት ከተማ ፈልሶ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አርፏል።

ከሞታቸው በኋላ

ባረፉ በአምስት ዓመት፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1943፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 12ኛ ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት የመጽሐፍ ቅዱስ መምህራን የጥንቱን የአጻጻፍ ዓይነት እንዲመረምሩ አዘዙ። የአባ ላግራንዥ ስም በመልእክቱ ውስጥ ባይጠራም ድካማቸው ፍሬ ማፍራቱን ብዙዎች አስተዋሉ። በ1964 ጳጳሳዊው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሚሽን ስለ ወንጌላት ታሪካዊ እውነት መመሪያ ሰጠ። ኖቬምበር 18 ቀን 1965 ደግሞ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ መለኮታዊ ግልጠት ባጸደቀው ድንጋጌ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት ያለ ስሕተት የሚያስተምሩት እግዚአብሔር ለድኅነታችን እንዲጻፍ የፈለገውን እውነት መሆኑን አስተማረ። ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ አባ ላግራንዥን የእግዚአብሔር አገልጋይ ብላ ትጠራቸዋለች፤ የብፅዕናቸው ጉዳይም ተከፍቷል።

የጻፉት ሁሉ ዛሬ የጸና ነው ማለት አይደለም። ለምሳሌ አራተኛውን ወንጌል ራሱ የዘብዴዎስ ልጅ ዮሐንስ ጽፎታል ብለው አጥብቀው ይከራከሩ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ ካቶሊካውያን ሊቃውንት የወንጌሉን አጻጻፍ ከዚህ የተወሳሰበ አድርገው ያዩታል። የጸናው መንገዳቸው ነው።

በዚያ መንገድ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። የአካዝያስ ዕድሜ የገልባጭ እጅ የሳተው ቍጥር ነው፤ ጥንታዊው የሶርያ ቋንቋ ትርጕም እስከ ዛሬ 22 ይላል። የበትሩ ትእዛዝ በሁለቱም ወንጌላት ደቀ መዝሙር በጌታ አሳቢነት ብቻ ይታመን ዘንድ ያስተምራል፤ ወንጌላውያን ቃሉን የተቀበሉበት መንገድ ግን ልዩ ልዩ ነበር። ስለ ይሁዳ ሞት ሁለት ትውፊቶች ደርሰውናል፤ ሁለቱም በከሐዲው መጨረሻና የደም መሬት በተባለው ቦታ ስም ይገናኛሉ። በቀረው ነገር በግድ ልናስማማቸው ብንሞክር ጸሐፊዎቹ ያላሉትን እናስብላቸዋለን። ያልተፈታ ነገር ሲገጥመን ገና አልተፈታም ማለት እምነትን አያጐድልም።

እንግዲህ ወጣቶቻችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው ሲመጡ አናስደንግጣቸው። መጽሐፉን ከእነርሱ ጋር እንግለጥ፤ ማን፣ ለማን፣ በምን አጻጻፍ፣ ምን ለማስተማር ጻፈ ብለን አብረን እንጠይቅ። መልሱ ሳይገኝ ቢዘገይም ከቤተ ክርስቲያን ጋር ሆነን በጸሎት እንጠብቅ። አባ ላግራንዥ በቄራው ቤት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የጀመሩት፣ በስደታቸውም ዓመት ያልተዉት ሥራ ይኸው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።